የእማዬ ቀሚስ ለምን ረዘመ?

የመስቀል ሰሞን ነበር፤ 2006 ዓ.ም.። እማዬ ለበዓሉ ከሣጥኗ አውጥታ የለበሰችው የሀበሻ ቀሚስ መሬት ጠረገ። አዲስ ቀሚስ አልነበረም። ለታላቅ ወንድሜ ሠርግ ያሠራችው ነው። ያኔ ቁርጭምጭሚቷ ላይ በልኩ ነበር የሚያርፈው። "ታጥቦ ታጥቦ ተለጥጦ ነው" ተባባልን። ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ ጫፉን አሳጠርኩት። በሦስተኛው ዓመት እንደገና ረዘመባት። እንደገና አሳጠርኩት።

ቀሚሱ አልተለጠጠም። ያጠረችው እናቴ ናት።

ያን ጊዜ አንድ ሰው "ትልቅ ሰው ቁመቱ ከቀነሰ አከርካሪው ይታይ" ብሎኝ ቢሆን፣ ከዚያ በኋላ የመጣብንን ብዙ መከራ ባላየን ነበር። የምጽፈውም ለዚህ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ቢሮ ውስጥ 30 ዓመት በጸሐፊነት የሠራሁ፣ እናቴን ያስታመምኩ፣ በኋላም ራሴ ተመርምሬ ወደዚያው እያመራሁ መሆኔን የሰማሁ ሴት ነኝ።

እማዬን መጀመሪያ ያማት የነበረው ወገቧን ነው። "ብርድ መታኝ" ትላለች። ጋቢ አጥፋ ወገቧ ላይ ትጠመጥማለች፣ በመቀነት ጥብቅ አድርጋ ታስራለች፣ በቪክስ እናሻታለን። አንድ ጊዜ ውሃ የሞላ ባልዲ ስታነሳ "ውይ!" ብላ ቁጭ አለች። ከዚያ ሁለት ሳምንት መተኛት አቃታት። ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ማስታገሻ ተሰጣትና ተመለስን። ጀርባዋ ቀስ በቀስ ጎበጠ። ከቡፌው ላይኛው መደርደሪያ ሲኒ ማውረድ ተወችና የልጅ ልጇን ማዘዝ ጀመረች። እኛ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ዘጋነው፤ እርጅና ነው አልን።

ነሐሴ 2008 ላይ እጇ ተሰበረ። ዝናቡ ሲያካፋ እንጀራ በሰፌድ ይዛ ከማድ ቤት ወደ ሳሎን ስትሻገር፣ እርጥቡ ድንጋይ አዳለጣት። ቀኝ እጇን መሬት ላይ ተመረኮዘች። ከቁመቷ በላይ አልወደቀችም። አንጓዋ ግን እንደ ሹካ ጀርባ ጎብጦ ቀረ።

ወጌሻ ተጠራ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሰፈሩን ወለምታ ሁሉ የሚያሽ፣ ገንዘብ እንኳን የማይጠይቅ ሽማግሌ ነው። ቅቤ ቀብቶ አሸና በቀርከሃ አጥብቆ አሰረላት። ማታ ላይ ጣቶቿ አብጠው ጠቆሩ። "ደነዘዘኝ" ስትለን ፈታነውና በነጋታው ራጅ ወዳለበት ክሊኒክ ወሰድናት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስብራት ላይ ጥብቅ ብሎ የታሰረ ነገር ደም ወደ ጣት እንዳይደርስ ያደርጋል። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ሌሊትም ቢሆን ፈታችሁ ሐኪም ቤት ውሰዱ። በዚህ ምክንያት እጅና እግራቸውን ያጡ ብዙ ናቸው።

ጄሶው ከስድስት ሳምንት በኋላ ተፈታ። እጇ ትንሽ ጠመም ብሎ ገጠመ። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ "እንኳን እግዜር ማረሽ" አላት። ቡና ተፈላ፤ ነገሩ አለቀ። ለምን ተሰበረ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኛም አልጠየቅን፤ ያከሟትም አልጠየቁም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ከፎቅ ወድቃ ወይም መኪና ገጭቷት ቢሆን ይገባል። ቆሞ ሲሄድ አዳልጦት የወደቀ ሰው አጥንቱ ከተሰበረ ግን አጥንቱ ራሱ መመርመር አለበት። አንድ ጊዜ እንዲህ የተሰበረ ሰው ደግሞ የመሰበር ዕድሉ ካልተሰበረው ሰው በጣም ይበልጣል። የእማዬ እጅ መልእክት ነበር። እኛ ጄሶ አድርገንለት ዝም አልን።

ሁለተኛው የመጣው ጥር 2011 ሌሊት ላይ ነው። መብራት ጠፍቷል። ሽንት ቤት ልትሄድ ተነስታ የምንጣፉ ጫፍ እግሯን ጠለፋት። ስትወድቅ ድምፁን ሰምቼ በስልኬ መብራት ደረስኩ። በቀኝ ጎኗ ተኝታለች። "አታንሺኝ ልጄ፣ አታንሺኝ" ትላለች። ቀኝ እግሯ ከግራው አጥሯል። የእግሯ ጣቶች ደግሞ ወደ ውጭ ዞረዋል። ያን አቀማመጥ አልረሳውም። በኋላ ነው የዳሌ ስብራት ምልክት መሆኑን የተማርኩት። የእናንተም ሰው ወድቆ እግሩ እንዲህ አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ለማቆም አትሞክሩ፣ አታሹት፣ አትጎትቱት። ከነፍራሹ ተሸክማችሁ ሆስፒታል ነው።

ጎረቤት ተሰብስቦ "ወለምታ ነው፣ ወጌሻ ይጠራ" አለ። ወንድሜ እምቢ አለ። በፍራሽ አድርገን ሚኒባስ ውስጥ አስገባናት። ራጁ የጭን አጥንቷ አንገት መሰበሩን አሳየ። ቀዶ ሕክምናው ግን በዘጠነኛው ቀን ነው የደረሳት። አልጋ ተጠበቀ፣ ደም ተጠበቀ፣ የሚተከለው ብረት ተፈለገ። እንዲህ ያለ ስብራት በሁለት ቀን ውስጥ ቢሠራ እንደሚመረጥ ያወቅሁት በኋላ ነው። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ታፋዋ ላይ የአልጋ ቁስል ጀመራት፣ ሳልም ያዛት። በየሁለት ሰዓቱ እናገላብጣታለን። አዛውንትን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ስብራቱ ሳይሆን መተኛቱ ነው፤ ሳንባው ይታመማል፣ እግር ውስጥ ደም ይረጋል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል። ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ከአምስት አንድ ያህሉ በዓመት ውስጥ እንደሚያርፉ ሐኪሙ ሲነግረን፣ ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ የእኛ እናት ተረፈች። የተሰበረውን የአጥንት ራስ አውጥተው በብረት ተኩላት። በማግስቱ እንቅስቃሴ የምታለማምደው ፊዚዮቴራፒስት መጥታ በዎከር፣ በሁለት እጅ በሚያዘው መደገፊያ፣ አቆመቻት። እማዬ ጮኸች፤ ግን ቆመች።

ጥያቄውን መጀመሪያ የጠየቀን ወጣቱ የአጥንት ሐኪም ነው። "እማማ፣ ከዚህ በፊት የተሰበረ አጥንት አለዎት?" አላት። እጇን አሳየችው። ቀሚሱን ደግሞ እኔ ነገርኩት። የጀርባ ራጅ አዘዘና ብርሃኑ ላይ ሰቅሎ አሳየን። ከአከርካሪዎቿ ሁለቱ በፊት በኩል ተጨፍልቀው ሽብልቅ መስለዋል። ያ ባልዲ ያነሳች ቀን "ውይ!" ያለችው አንዱ ሲሰበር ነበር። ሁለት የተሰበረ አከርካሪ ይዛ ዓመታት ምጣድ ላይ ቆማ እንጀራ ጋግራልናለች። አብዛኛው የአከርካሪ ስብራት ስብራት መሆኑ ሳይታወቅ ነው የሚያልፈው።

ከዚያ ሐኪሙ ለእሷ በሚገባት ቋንቋ አስረዳት። "እማማ፣ እንጀራ ዓይን አለው አይደል? አጥንትም ውስጡ ዓይን አለው። ጤነኛ አጥንት ዓይኑ ትንንሽ ነው፣ በመካከል ያለው ግድግዳም ወፍራም ነው። የእርስዎ ዓይኑ ሰፋ፣ ግድግዳው ሳሳ። ከውጭ ሲያዩት ያው አጥንት ነው። ትንሽ ሲነካ ግን ይሰበራል።" እማዬ ራሷን ነቀነቀች። በሽታዋ ከሁላችንም ቀድሞ የገባት ያኔ ይመስለኛል። ስሙ በሕክምናው ኦስቲዮፖሮሲስ ነው፤ በእኛ የአጥንት መሳሳት።

እኔ አጥንት እንደ ድንጋይ በድን ይመስለኝ ነበር። ሕይወት ያለው ነገር ነው። አሮጌውን የሚያፈርሱ ሴሎች አሉ፤ በቦታው አዲስ የሚገነቡ አሉ። አፅማችን በሞላ በአሥር ዓመት ገደማ ይታደሳል። እስከ 30 ዓመት አካባቢ ግንባታው ይበልጣል፤ ጎተራው የሚሞላው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ያለንን ይዘን ቀስ እያልን ከጎተራው እንወስዳለን። ሴት ስታርጥ ደግሞ አጥንት የሚጠብቅላት ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይወርዳል፤ አፍራሾቹ ይበረታሉ። ከማረጥ በኋላ ባሉት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመታት አንዲት ሴት እስከ 20 በመቶ የሚደርስ የአጥንት ጥግግት ልታጣ ትችላለች። ምንም አያማትም። ካልተሰበረ በቀር ድምፅ የለውም።

ይህን ስሰማ ስለ እናቴ ብቻ አልነበረም የማስበው። የእኔ የወር አበባ የቆመው በ43 ዓመቴ ነው። ከ45 ዓመት በፊት የመጣ ማረጥ ቀደም ብሎ እንደመጣ ይቆጠራል። ስለዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አውርቼ አላውቅም። እኛ ሴቶች ስለ ማረጥ አናወራም፤ ካወራንም ስለ ሙቀቱና ስለ ላቡ ነው። ቀጭን ነኝ። እናቴ ዳሌዋ ተሰብሯል። ወላጁ ዳሌው የተሰበረ ልጅም ይበልጥ ይጋለጣል። ቀን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ፤ ፀሐይ የማየው ታክሲ ስጠብቅ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ሐኪም ዘንድ ሄጄ ይህን ሁሉ ተናገርኩ። ዴክሳ የሚባል፣ የአጥንት ጥግግት የሚለካ ምርመራ አዘዘችልኝ። በየቦታው የሚገኝ ምርመራ አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥም ፈልጌ ነው ያገኘሁት። የሚያስፈራ ነገር የለውም። ልብስሽን ሳታወልቂ ጠረጴዛ ላይ ትተኛለሽ፣ አንድ ክንድ የመሰለ መሣሪያ ከላይሽ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ጨረሩ ከተራው የደረት ራጅ እንኳን ያነሰ ነው። ውጤቱ ቲ ስኮር በሚባል ቁጥር ይመጣል። ከጤነኛ ወጣት አጥንት ጋር ያወዳድርሻል። ከ −1 በላይ ከሆነ ደህና ነው። በ −1 እና በ −2.5 መካከል ከሆነ አጥንቱ መሳሳት ጀምሯል። −2.5 እና ከዚያ በታች ከሆነ ኦስቲዮፖሮሲስ ይባላል። የእኔ ወገቤ ላይ −2.2 ዳሌዬ ላይ −1.7 መጣ። ወረቀቱን ይዤ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ቆየሁ።

ዴክሳ የማታገኙ ወይም አቅማችሁ የማይፈቅድ ተስፋ አትቁረጡ። ለሐኪሙ ይህን ንገሩት፦ ዕድሜያችሁን፣ መቼ እንዳረጣችሁ፣ ወድቃችሁ የተሰበራችሁት ነገር ካለ፣ ወላጅ ዳሌው ተሰብሮ እንደሆነ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት። ከወጣትነታችሁ ቁመት 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከቀነሳችሁ ደግሞ የጀርባ ራጅ ጠይቁ። ራጅ በብዙ ቦታ አለ። አጥንት ላይ የሚደርስ ሌላም በሽታ አለና የደም ምርመራውንም አትዝለሉት።

የእኔ ደም ሲመረመር ቫይታሚን ዲ 11 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር ሆኖ ተገኘ። ከ20 በታች እጥረት ነው። በአዲስ አበባ ፀሐይ! አላመንኩም። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ይህን ቫይታሚን የሚሠራው ፀሐይ ያገኘው ቆዳ ነው፤ የፀሐዩ ጨረር ደግሞ በመስታወት አያልፍም። እኔ የተቀመጥኩት መስኮት ሥር ነበር፤ ሙቀቱን አገኛለሁ፣ ቫይታሚኑን አላገኝም። ሕፃን ልጅ ቅቤ ቀብተን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እናሞቃለን፤ ራሳችንን እንረሳለን። ዓረብ አገር ቤት ውስጥ ተዘግተው ዓመት የሚቆዩ እህቶቻችንም እንዲሁ ናቸው፤ የእህቴ ልጅ ከዚያ ስትመለስ እግሯን አጥንቷ ድረስ ያማት ነበር፣ ሲመረመር ይኸው ነው። ለእኔ ሐኪሟ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጥ 50,000 ዩኒት ለስምንት ሳምንት አዘዘችልኝ፣ ከዚያ ወደ ትንሽ የየቀን መጠን ወረድኩ። ይህን መጠን ሳትመረመሩ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትዋጡ፤ ሲበዛ ይጎዳል። አሁን በምሳ ሰዓት ክንዴን ገልጬ ግቢ ውስጥ ሩብ ሰዓት እመላለሳለሁ።

ምግቡ ላይ ብዙ ተጨነቅሁ። ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህል አለው። ግን እንጾማለን። እማዬ ግማሽ ያህሉን ዓመት ወተት አትነካም። ታዲያ ከየት ይምጣ? መልሱ ያለው እዚሁ ማድ ቤታችን ውስጥ ነው። ጤፍ ካልሲየሙ ከስንዴ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ሊጡ በእርሾ መቡካቱ ደግሞ ማዕድኑን የሚይዘውን ነገር ስለሚቀንሰው ሰውነት የበለጠ ይጠቀምበታል። ነጭ ዱቄት የተቀላቀለበትን እንጀራ ትቼ ወደ ጤፉ ተመለስኩ፤ ዋጋው እንደምታውቁት ነው፣ ከሌላ ነገር ቀንሼም ቢሆን። የሐበሻ ጎመን ካልሲየሙ በደንብ ከሚወሰድ ቅጠል አንዱ ነው፤ ቆስጣ ግን ካልሲየም ቢኖረውም የራሱ ውስጥ ያለ አሲድ ይዞት አይለቅም። ሳይፈተግ የተቆላ ሰሊጥ ትልቅ ሀብት ነው። ለእማዬ የሰሊጥ ፍትፍት በሳምንት ሁለቴ እሠራላታለሁ። ሽሮውም፣ ሽንብራውም፣ ባቄላውም ይቅረብ፤ አጥንት ያለ ፕሮቲን አይገነባም።

በፍስክ ወቅት ወተትና እርጎ እናበዛለን። አይብ ጥሩ ነው፤ ሲወጣ ግን ብዙው ካልሲየም ከአጓቱ ጋር ስለሚሄድ ወተቱን አይተካም። አንድ ደግሞ የሚከፋቸው ሰዎች ቢኖሩም መናገር ያለብኝ አለ። እማዬ ከሆስፒታል ስትወጣ ዘመድ ሁሉ የአጥንት መረቅ ይዞ መጣ። ፍቅሩ ይበቃናል። መረቁም ያሞቃል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል። ካልሲየሙ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አጥንት በመቀቀል ካልሲየሙን አይለቅም። መረቅ ጠጥታለች ብሎ መድኃኒቱን ማስቀረት ስህተት ነው።

በምግብ የሚጎድለውን በክኒን እንሞላለን። የተለመደው ካልሲየም ካርቦኔት ከምግብ ጋር ሲዋጥ ነው የሚሠራው፤ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም በላይ መዋጥ ትርፍ የለውም።

የእማዬ ዋናው መድኃኒት አሌንድሮኔት ነው፤ 70 ሚሊ ግራም፣ በሳምንት አንድ ቀን። አፍራሾቹን ሴሎች ይገታል። አከርካሪያቸው ተሰብሮ በነበረ ሴቶች ላይ የዳሌ ስብራትን በግማሽ ያህል ቀንሷል። አወሳሰዱ ግን ሥርዓት አለው። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ትውጣለች። በአምቦ ውሃ አይሆንም፤ ማዕድኑ መድኃኒቱን ይይዘዋል። በወተት አይሆንም፣ በሻይ አይሆንም። ከዋጠች በኋላ ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብላ ትቀመጣለች ወይም ትቆማለች፤ አትተኛም፣ አታጎነብስም፣ ምንም አትቀምስም። ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል።

ቀኑን መምረጥ ራሱ ጉባኤ ነበር። እሑድ ቅዳሴ አለ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ውሃም ቢሆን እስከ ሰዓቱ አትቀምስም። የንስሐ አባቷ መጡና "መድኃኒት ነው፣ በውሃ ውሰጂው" አሏት። እሷ ግን ማክሰኞን መረጠች፣ እኛም ተስማማን። ማክሰኞ ጠዋት አሁን ቤታችን ሥርዓት አለው። ክኒኗን ትውጥና ሳሎን በሩ አጠገብ ካለው ቀጥ ያለ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ቡናው ተቆልቶ ጭሱ ይሸታታል፣ ጎረቤት ትገባለች። እማዬ ሰዓቱን ታያለች። "ገና ነው፣ ጀበናው አይቅረብ" ትላለች። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ጎረቤቷ ናት "እማማ፣ ደረሰ" የምትላት።

መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ኩላሊቷ ታይቷል፤ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲዋም እንዲስተካከል ተደርጓል። የሚነቀል ጥርስ ስለነበራትም አስቀድማ ተነቅላለች፤ አልፎ አልፎ መንጋጋ ላይ ችግር ያመጣልና ለጥርስ ሐኪማችሁ ንገሩት። ለዘላለምም የሚዋጥ አይደለም። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ሐኪሙ መቀጠል ወይም ማረፍ እንዳለባት ይወስናል። ለእኔ መድኃኒት አልተጀመረልኝም። ሐኪሟ "በመጀመሪያ በእንቅስቃሴና በምግብ እንይ፣ በሁለት ዓመት እንለካ" አለችኝ።

እንቅስቃሴ ሲባል ጂም መግባት መስሎኝ ነበር። አጥንት ክብደት ሲሸከም ነው የሚበረታው። እኔ የምኖረው አሁን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ድሮ የማማርርበትን ደረጃ አሁን ሆን ብዬ በቀን ሦስት ጊዜ እወጣዋለሁ። ከሥራ ስመለስ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ እወርዳለሁ። ማታ ሁለት ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ጠርሙስ ይዤ እጄን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። ጥርሴን ስቦርሽ በአንድ እግሬ እቆማለሁ፣ በአንድ እጄ ሲንኩን ይዤ፤ ሚዛን የሚጠብቅ ሰው የመውደቅ ዕድሉ ይቀንሳል፣ ያልወደቀም የመሰበር ዕድሉ ያንሳል። እማዬ ደግሞ ከወንበር በእጇ ሳትመረኮዝ መነሳትና መቀመጥ ትለማመዳለች። መጀመሪያ ሁለቴ ነበር የምትችለው፤ አሁን አሥር ትደርሳለች።

የስግደትን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። የስቅለት ዕለት ስትሰግድ የኖረች ሴት "አትስገጂ" ስትባል ልብ ይሰበራል። ግን አከርካሪው የሳሳ ሰው ከወገቡ ደጋግሞ ማጎንበስ አይችልም፤ አጥንቱን የሚጨፈልቀው ያ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ከዳሌዋ እንድታዘነብል አስተማረቻት። የንስሐ አባቷም "ልብሽ ይስገድ፣ ቆመሽ ጸልዪ" አሏት። አሁን መቋሚያ ይዛ ትቆማለች፣ ራሷን ዝቅ ታደርጋለች። ከመሬት ዕቃ ስታነሳም ጉልበቷን አጥፋ ነው፤ ባልዲ ግን ፈጽሞ አታነሳም።

ቤቱን በአንድ ቅዳሜ ቀየርነው። ያ ምንጣፍ ወጣ። ሽንት ቤት ግድግዳው ላይ በያጅ ጠርተን መያዣ ብረት አስተከልን። ከአልጋዋ እስከ ሽንት ቤት ባለው መንገድ ቻርጅ የሚደረግ አምፖል ሰቀልን፤ መብራት ሲጠፋ ራሱ ይበራል። ነጠላ ጫማዋ ተጥሎ ተረከዙን የሚይዝ ጫማ ተገዛ። ነጠላዋ ወደ ኋላ እንዳይጎተት ታጣፋዋለች። መነጽሯ ተለወጠ። የደም ግፊት መድኃኒቷ ስትነሳ ያዞራት ስለነበር ሐኪሙ አስተካከለው። ይህ ሁሉ ከቀዶ ሕክምናው ወጪ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

የሴቶች በሽታ ብቻ ነው የሚል ካለ አጎቴን ይይ። ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ሴቶች ከሦስት አንዷ፣ ከወንዶች ደግሞ ከአምስት አንዱ በቀረው ዕድሜው በአጥንት መሳሳት ምክንያት ይሰበራል። አጎቴ ለአስሙ ብሎ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ ክኒን ለዓመታት ያለ ሐኪም ክትትል እየገዛ ዋጠ። ያስተነፍሰዋል፤ ግን አጥንቱን በላው። በሳል ብቻ የጎን አጥንቱ ተሰበረ። ለመወፈር ብለው ዴክሳሜታዞን የሚውጡ ወጣት ሴቶችም አሉ፤ ያው ዓይነት መድኃኒት ነው፣ ተው በሏቸው። ለረጅም ጊዜ ስትወስዱት የቆያችሁ ግን በአንድ ቀን አታቋርጡት፤ ድንገት ማቋረጡ ለሕይወት አስጊ ነው። ሐኪም ነው ቀስ በቀስ የሚያወርደው። አጎቴ አሁን የሚነፋ መድኃኒት ይጠቀማል፣ የአጥንቱንም ሕክምና ጀምሯል።

የእኔ ልጅ 17 ዓመቷ ነው። የእሷ ጎተራ ገና እየሞላ ነው። ለመቅጠን ብላ ቁርስ መዝለል ጀምራ ነበር። አልተቆጣኋትም። የአያቷን ራጅ አወጣሁና ሁለቱን ሽብልቆች አሳየኋት። ብዙ አየችው። አሁን ጠዋት ከቤት ሳትወጣ ትበላለች፤ በፍስክ እርጎ፣ በጾም ሰሊጥ ያለበት ዳቦ። ቅዳሜ ገመድ ትዘላለች። መዝለል በዚያ ዕድሜ አጥንት ከሚገነቡ ነገሮች አንዱ ነው።

እኔ በ2015 ዓ.ም. ተመልሼ ተለካሁ። ወገቤ −2.1 ሆነ። ሐኪሟ "አልወረደም፣ ትልቅ ነገር ነው" አለችኝ። ካረጥኩ ወዲህ አጥንቴ እየሳሳ ነው የቆየው፤ መቆሙ ለእኔ ድል ነው።

እማዬን ደግሞ በየእንቁጣጣሹ እንለካታለን። ጫማዋን አውልቃ የመኝታ ቤቱ በር መቃን ላይ ተረከዟን ታስጠጋለች። ልጄ መጽሐፍ ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ በእርሳስ ታሠምራለች፣ ዓመተ ምሕረቱንም ትጽፍበታለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች አንዱ ካንዱ ዝቅ ብለው ነው ያሉት። ዘንድሮ ልጄ አሠመረችና ጠጋ ብላ አየች። እርሳሱ ያረፈው ያምናው መስመር ላይ ነው፤ 1 ሜትር ከ49። እማዬ ዞር ብላ መስመሩን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነው ያረፈው።